አብሽሪ አትበሉኝ

ጣሊያን አገር አንድ ባንድ ነበረ። በገዛ ከተማው የሚያውቀው ሰው የለም። ደሴ ውስጥ ግን ሦስት ሰዎች እናውቀዋለን፤ ዘፈኖቹን ከነትንፋሻቸው በቃላችን ይዘናቸዋል። ይህን ስናገር የሚስቅ አይጠፋም፤ ይሳቅ። እኔ ግን ነገሩ በተነሳ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ባለፈው ሰሞን አንድ ማይክ የያዘ ሰውዬ ሰኞ ገበያ ድረስ መጥቶ ስለ ደሴ ሙዚቃ ሲጠያይቅ ዋለ። ስለ ቅኝቱ ጠየቀ፣ ስለ መንዙማው ጠየቀ፣ ድሮ ስለነበሩት የኪነት ቡድኖች ጠየቀ። እዚያው ሞባይል የሚጠግነው ጓደኛዬ "እኛም ባንድ ነበረን" ቢለው፣ "ምን ዓይነት?" አለው። "የሚጮህ።" ሰውዬው ማይኩን አጠፋና "እሱን እንኳ ተወው" ብሎት ሄደ። ተወው! ምኑን ነው የሚተወው? እኛ እኮ ለዚያ ጩኸት ያልከፈልነው የለም።

ሞባይል ጠጋኙ የሰፈሬ ልጅ ነው፤ አብረን አፈር ፈጭተን ነው ያደግነው። ስም መጥራት አልፈልግም፣ ጊታረኛው እለዋለሁ። እህቱ ጣሊያን ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ አንዲት አሮጊት ታስታምማለች። አንድ ጊዜ የአሮጊቷ የልጅ ልጅ የጣላቸውን ልብሶች ሰብስባ በሰው ላከችለት። ከአንዱ ጃኬት የውስጥ ኪስ ዘፈን የተጫነበት ፍላሽ ተገኘ። ደውሎ ሲነግራት በሳቅ ሞተች። "ያ እብድ ነዋ! ከጓደኞቹ ጋር ምድር ቤት ገብተው ሲጮኹ ይውላሉ። አንድ ሰው አይሄድላቸውም። አያቱ እንኳ 'ምን ነክቷቸው ነው' እያለች ታማትባለች" አለችው። ስክሪሞ የሚባል እየጮኹ የሚዘፍኑት ሙዚቃ መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው፤ ጊታረኛው ስልኩ ላይ ፈልጎ።

መጀመሪያ ያሰማኝ ቀን ሳቅኩበት፤ አልዋሽም። "ምነው፣ ጥርሱን ያለ ማደንዘዣ እየነቀሉለት ነው እንዴ?" አልኩት። ሁለተኛውን ዘፈን ስሰማም ሳቅኩ። ሦስተኛው ላይ ጊታሩ ቀስ ብሎ ጀመረ፣ ልጁ ሰው የሚያወራ ያህል በለሆሳስ አንድ ነገር አለ፣ ከዚያ ድምፁ በድንገት ተሰነጠቀ። ጣሊያንኛ ከ"ቻው" በስተቀር አላውቅም። ግን የሚለው ገባኝ። "ነግሬያችሁ ነበር፣ አልሰማችሁኝም" ነው የሚለው። ሌላ ሊሆን አይችልም። እዚያች የጊታረኛው ቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ስልክ ሊያሠሩ በመጡ ሰዎች ፊት፣ ዕንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

ጊታረኛው በእህቱ በኩል "ደሴ ውስጥ እየሰማናችሁ ነው" ብሎ ለዘፋኙ ልጅ ላከለት። ልጁ አላመነም፤ ትቀልድብኛለች ብሎ ተቆጥቷት ሳምንት ሙሉ አኮረፋት። ብዙም ሳይቆዩ ተበተኑ። ባዶ ምድር ቤት ውስጥ ጮኸው ጮኸው ተበተኑ! እስቲ አሁን ይሄ አያናድድም? አገሩ በሙዚቃ የታወቀ ነው ይባላል፤ ለአራት ልጆች የሚሆን ጆሮ አጣ።

ለምን እንደገባኝ ልንገራችሁ። እኔ ኮምቦልቻ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን ላይ ነው የምሠራው። ጠዋት በሰርቪስ ቁልቁል እወርዳለሁ፣ ሲመሽ ሽቅብ እመለሳለሁ። ማሽኖቹ ሲነሱ ሰው አጠገቡ የቆመውን አይሰማም። "ክር ተበጠሰ" ለማለት ጓደኛሽ ጆሮ ላይ አፍሽን ገጥመሽ መጮህ ነው። ቤት ስገባም ጆሮዬ ደንዝዞ ስለሚቆይ እጮሃለሁ፤ እናቴ "ቀስ በይ እንጂ፣ ጎረቤት የተጣላን ይመስለዋል" ትለኛለች። የምንኖረው እኔና እሷ ብቻ ነን፤ አባቴ ልጅ ሳለሁ ነው የሞተው፣ ወንድምም እህትም የለኝም።

የጥጡ ብናኝ ደረቴ ገብቶ እንደሚያስለኝ ስነግራት ደግሞ "አብሽሪ ልጄ" ትላለች። አብሽሪ! ወሎ ውስጥ በአብሽሪ የማይደፈን ቀዳዳ የለም። አለቃ ሰደበሽ፣ አብሽሪ። ትዳሩ ቀረ፣ አብሽሪ። ደረትሽን አመመሽ፣ አብሽሪ። እናቴ ክፉ ሆና አይደለም፤ ሌላ የምትሰጠኝ ስለሌላት ነው። ቢሆንም ያቃጥላል፣ ወላሂ ያቃጥላል።

እንግዲህ ባንድ ያቋቋምነው በዚህ ነው። ጊታረኛው ጊታሩን ከአንድ አገር ለቆ ከሚሄድ ሰው ገዛ። ከበሮ መቺው ብረታ ብረት ቤት የሚበይድ፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከመዘምራን ጋር ከበሮ የሚመታ ልጅ ነው። ከዘይት በርሜልና ከአሮጌ የድስት ክዳን የራሱን ከበሮ ሠራ። እንዲያም ሆኖ በየልምምዱ መሃል ቆም ይልና "የንስሐ አባቴ ቢሰሙ ምን ይሉኛል?" ይላል። "እኔንስ ሼኪው ምን ይሉኛል? ይልቅ ምታ!" እለዋለሁ። ድምፁ የእኔ ሆነ። ከእኔ የበለጠ መጮህ የለመደ ከየት ይመጣል?

የመጀመሪያ ዘፈናችንን ግጥም እኔ ነኝ የጻፍኩት። ግጥም ካላችሁት ነው እንግዲህ። "እማዬ! እማዬ! አብሽሪ አትበሉኝ!" ይላል፤ ከዚያ ስለ ብናኙ፣ ስለ ማሽኑ፣ ስለማይሰማ ሰው ይቀጥላል። ለእናቴ አሰምቻት አላውቅም። ሰው ፊት መጮህ አልፈራሁም፤ እሷን ግን ፈራሁ።

ቦታ ያገኘነው ከቅሬው ነው። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። በእኛ ሰፈር ግን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው ያለው። ሰው ሲሞት ቅሬው ይቆፍራል፣ ቅሬው ድንኳን ይተክላል፣ ቅሬው ያስተዛዝናል። ከቅሬ የወጣ ሰው ቤት ሞት ቢገባ አንድም ሰው ደጁን አይረግጥም። ቅሬው ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ድስቱን የሚያስቀምጥበት የቆርቆሮ መጋዘን አለው። ሞት የሚለፈፍበት ድምፅ ማጉያም አለው፤ እሱ ተበላሽቶ ጊታረኛው ሲጠግንላቸው የቅሬው ዳኛ "ምን እናድርግልህ?" አሉት። "መጋዘኑን ለልምምድ" አለ። ሰውዬው ምን ዓይነት ልምምድ ብለው አልጠየቁም፤ ቁልፉን ሰጡት።

የኮምቦልቻ ወጣቶች አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ለጀማሪዎች መድረክ አዘጋጅተው ሁለት ዘፈን ፈቀዱልን። የባንዳችን ስም ከሌሎቹ ጋር ወረቀት ላይ ተጽፎ በር ላይ ተለጠፈ። ከበሮ መቺው ያንን ወረቀት ሄዶ ሁለት ጊዜ አይቶታል። ትንሽ ነገር ይመስላችኋል፤ እኛ ግን ስማችን ከደመወዝ መክፈያ ሌላ የትም ተጽፎ አናውቅም።

እሁዱ ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ፣ የእኔ የእረፍት ተራ ነበር። እናቴ ዘንቢሏን ይዛ ገበያ ወጣች፤ እኛ መጋዘን ገባን። በርሜሉ ድምፄን ዋጠው። ለመድረኩ ማይክ አለ፣ ለልምምድ ግን የለንም። ቀና ስል ድምፅ ማጉያው ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ጊታረኛው ዓይኔን አይቶ "ተይ! እሱ የሞት ነው" አለኝ። "ሞት ዛሬ እረፍት ላይ ነው" አልኩና አወረድኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይሄን አልክድም።

"እማዬ! እማዬ! አብሽሪ አትበሉኝ!" ብዬ ለቀቅኩት። ደሴ ገደል ሥር ያለች ከተማ ናት፤ ድምፁ ሄዶ ተራራውን መትቶ ይመለሳል። ደስ አለኝ። ሁለት ጊዜ ደገምነው። በሦስተኛው በሩ ተበርግዶ አንዲት ጎረቤታችን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "ውይ እኔን! ውይ በሞትኩት! ጠዋት ዘንቢል ይዛ አይቻት አልነበር እንዴ?" እያለች ትንሰቀሰቃለች። እኔ ምኑም አልገባኝም። ከኋላዋ ወንዶቹ ገቡና ከበሮውን እየተሻገሩ ድንኳኑን ማውጣት ጀመሩ።

የእኛን ቅሬ ልማድ ማወቅ አለባችሁ። ቅሬ ሲጠራ መጠየቅ ነውር ነው። "ማነው? መቼ ነው?" እያለ የሚዘገይ ሰነፍ ይባላል። እያንዳንዱ ሥራውን ያውቃል፤ ሰምቶ ይነሳል፣ ይሠራል፣ ከሠራ በኋላ ያለቅሳል። የእኔን ድምፅ ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል። በሞት ማጉያ "እማዬ" ስል ሰሙ፣ በቃ። ልጅቷ ከሐዘኗ ብዛት ማጉያውን ራሷ ነጥቃ ለፈፈች ተባለ። ጎረምሶቹ፣ ጀናዛ ሳይቀበር አይቆይም ብለው፣ አካፋና ዶማቸውን ይዘው ወደ ሙስሊም መቃብር ሮጡ።

"ኧረ ማንም አልሞተም!" ብዬ ጮኽኩ። "እሺ የእኔ እናት፣ አብሽሪ" አሉኝ። "አልሞተችም! ገበያ ናት!" ስል "አልተቀበለችውም፣ ያዟት" አሉና ሁለት ሴቶች ክንዴን ግራና ቀኝ ያዙኝ። እኔ በጮኽኩ ቁጥር እነሱ ያለቅሳሉ። ጊታረኛው እየተንተባተበ "ልምምድ ነው፣ ልምምድ ነው" ይላል፤ ማን ሰምቶት። ከበሮ መቺውን አንድ ሽማግሌ "ምን ይገትርሃል፣ አግዳሚ አንሳ!" ቢሉት፣ እንዲህ ያለ የዋህ አይቼ አላውቅም፣ አግዳሚውን ተሸክሞ ሄደ።

ደጃችን ላይ ስንደርስ ድንኳኑ ቆሟል። ሼኪው ሙሾ ሐራም ነው እያሉ ስንት ጊዜ ተቆጥተዋል፤ ሴቶቹ ግን እሳቸው እስኪመጡ ድረስ ብለው ጀምረውታል። አንዷ፣ ከእናቴ ጋር በአጥር ተጣልታ ስንት ዓመት ሰላም ያላለቻት ሴት፣ ደረቷን እየደቃች ታወጣለች፦

ጨው የማታበዢው፣ በርበሬ አዋቂ፣
ድስቱን ማን ያማስል፣ የድግስ አድማቂ?

ሌላዋ ስለ ዳቦዋ ቀጠለች፣ ሌላዋ ስለ ሽሮዋ። እናቴ ለካ ከገበያ ተመልሳ ከድንኳኑ ጀርባ ቆማለች። አንዷ ዘወር ሳትል "እህቴ፣ ተቀመጪ፣ ቦታ አለ" ብላታለች። ቆማ ሁሉንም አዳመጠች። ከዚያ ዘንቢሏን መሬት ላይ አስቀመጠችና "ጨረሳችሁ?" አለች።

አጂብ ነው! አንዷ በአግዳሚ ላይ ዘላ ሸሸች። ሽማግሌው "አዑዙ ቢላህ" አሉ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ፊቷ በንዴት ቲማቲም መስሏል። "ሠላሳ ዓመት አብሬያችሁ ኖርኩ። ስታምጡ አዋልጃለሁ፣ ስትጣሉ አስታርቄያለሁ፣ ባሌን ቀብሬ ልጅ ብቻዬን አሳድጌያለሁ። የሞተባችሁ ድስቴ ብቻ ነው?" አለቻቸው።  ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺ ደግሞ ምን ብለሽ ነው የጮኽሽው?" "ዘፈን ነው፣ እማዬ።" "ምን የሚል?" አቀረቀርኩ።  "እሺ፣ አንድ ቀን ታሰሚኛለሽ" ብላ ገባች።

ቅዳሜ ቅሬው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ዳኘን። ጎረምሶቹ ሲቆፍሩ እጃቸው ተልጦ፣ ጉድጓዱን መልሰው ደፍነው ነው የመጡት። እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ የፈለጋችሁትን ቅጡኝ አልኩ። ከልቤ ነው። ለባንዱ ሁለት ወንዶች ቶሎ ተፈረደ፤ በሚቀጥሉት ሦስት ቀብሮች አግዳሚ እንዲሸከሙ። አለቀ። እኔም ያው የሚፈረድብኝ መስሎኝ ነበር።

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ማጉያውን መንካትሽ አንድ ነገር ነው። ሴት ልጅ ሐዘን ሳይኖር መጮኋ ግን ሌላ ነው። ጩኸት ለሬሳ ነው የተሠራው። ከእንግዲህ ሰው ፊት ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ላትጮኺ፣ ዘፈን ነው ብለሽም ቢሆን ላትጮኺ፣ በቁርኣን ማይ። አልምልም ካልሽ ቤታችሁ ከቅሬው ይወጣል።"

ለወንዶቹ አግዳሚ መሸከም፣ ለእኔ አፌን መዝጋት! ነደድኩ። "አባባ" አልኳቸው፣ "እርስዎን አከብራለሁ። ግን ሬሳ ጩኸት ይሰማል? የማይሰማ ላይ ሲጮህ ወግ ነው፣ የሚሰማ ሰው ፈልጌ ብጮህ ምኑ ነው ነውሩ?"  አንዱ ከኋላ "የፋብሪካ አፍ!" አለ፤ ሜዳው በሙሉ ሳቀ። ከሁሉም ያናደደኝ ያ ሳቅ ነው። መልስ ቢሰጡኝ እቀበል ነበር።

እናቴ ከሴቶቹ መሃል ተነሳች። "ልጄ አትምልም" አለች። "ቅሬው ይቅርብን።" ጉምጉምታ ሆነ። ዳኛው ደንግጠው "ኧረ አንቺ ሴት፣ ማን ይቀብርሽ ብለሽ ነው?" አሏት። "ያለቀሳችሁልኝን እኮ ሰምቻለሁ" አለቻቸው። "ለዚያ ከሆነ፣ የፈለገ ይቅበረኝ።"

አየኋት። እግሯ አብጧል፣ ስትቆም ጉልበቷን ትይዛለች። የምትሞትበት ክረምት በዓይኔ መጣብኝ፤ ጭቃው፣ ቤት ውስጥ የተጋደመ ሬሳ፣ ከፈን ይዤ በየበሩ የማንኳኳው እኔ፣ የማይከፈተው በር።  እሷ ቀና ብላ እንደቆመች፣ እኔ ሄጄ እጄን ቁርኣኑ ላይ አድርጌ ማልኩ። ሰዉ "ማሻአላህ፣ አስተዋይ ልጅ" አለ። እናቴ ቤት እስክንደርስ ከፊት ከፊቴ ሄደች።

በማግስቱ ልጆቹ ሊተዉት ነበር። "ስማችን ተለጥፎ የለ እንዴ፣ ያለ ድምፅም ቢሆን ምቱ" አልኳቸው። በርሜሉን አብሬ ተሸክሜ ኮምቦልቻ ወረድኩ። አዳራሹ ይሞቃል፣ ወንበሩ ግማሹ ባዶ ነው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከጎረምሶች መሃል አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴት አየሁ። እናቴ ናት። ማንም ሳይጠራት፣ ብቻዋን ሚኒባስ ተሳፍራ መጥታለች። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ አላየችኝም፣ መድረኩን ነው የምታየው።

ልጆቹ ጀመሩ። ጊታረኛው ከዚያ ፍላሽ የተማረውን ሁሉ አወጣው። የእኔ ቦታ ሲደርስ ግን ማንም አልሞላውም፤ በርሜሉ ብቻ ባዶውን እየቆጠረ ይመታል። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አንዱ "ማይኩ ተበላሽቷል!" ብሎ ጮኸ፣ ጓደኞቹ ሳቁ። አፌን በነጠላዬ ጫፍ ይዤ ቁጭ አልኩ።

"ይሄ ያንቺ ቦታ ነው?" አለችኝ እናቴ።

"አዎ።"

"ተነሺ እንግዲህ። ልሰማሽ ነው የመጣሁት።"

"ምያለሁ እኮ፣ እማዬ።"

"የመሐላ ከፋራው አሥር ሚስኪን ማብላት ነው። አበላለሁ። ተነሺ።"

ልጆቹ ቦታዬን ለሁለተኛ ጊዜ ከፈቱልኝ። ጊታረኛው ከመድረኩ ላይ ዓይኔን ይፈልጋል። 

"ቅሬውስ?" አልኳት። "ነገ አንድ ነገር ብትሆኚ ማን ይቀብርሻል?"

ያን ጊዜ ዞራ አየችኝ። ሙሾውን ሰምታ እንኳ እንደዚያ አልተቆጣችም።

"እነሱ ድንኳን ብቻ ነው የተከሉት" አለችኝ። "በቁሜ የቀበርሽኝ አንቺ ነሽ።"